ድመት እንደ በግ አትጋትም

መሳለሚያ አጠገብ ከነበረው የእንስሳት ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የመጀመሪያ ታካሚዬ ሆዱ የተነፋ ሙክት በግ ነበር። አለቃችን ዶክተር ታደለ ዘይት የተሞላ የለስላሳ ጠርሙስ አስጨበጡኝና «ጋተው» አሉኝ። አንገቱን በጉልበቶቼ መሀል ያዝኩ፤ አገጩን ቀና አደረግኩ፤ ጠርሙሱን በከንፈሩ ጥግ አስገብቼ አንዲት ጠብታ ሳላፈስ ጨረስኩ። ዶክተር «እጅ አለህ» አሉ። ማዕረጌ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ራሴን በገዛ እጄ የመጋት ሊቅ ብዬ ሾምኩ።

ያ ዘመን ይናፍቀኛል። ጠዋት የመርካቶ ተሸካሚዎች አህዮቻቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ ከአብነት በኩል በግቢያቸው ላም የሚያረቡ ሰዎች ይጠሩናል፤ ለበዓል የተገዛ በግ ገና ሳይታረድ አሞት ይመጣል። ድመት ግን አትመጣም። መርካቶ ውስጥ ድመት የመጋዘን ሠራተኛ ናት፤ አይጥ ትይዛለች፣ ከሞተች ሌላ ትተካለች።

ስለዚህ በአንድ ዓቢይ ጾም እትዬ ውድነሽ የሚባሉ የበርበሬ በረንዳ ነጋዴ ድመታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ሲመጡ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ድመቷ ዳማ ትባላለች። ከነጠላው የወጣው የበርበሬ ብናኝ ሁላችንንም አስነጠሰን፤ እሳቸው ብቻ አላስነጠሳቸውም።

ዳማን ሌላ ድመት መንጋጋዋን ነክሷት አብጧል፤ ምግብ ከቀመሰች አምስተኛ ቀኗ ነው። ዶክተር መግሉን አፍስሰው መርፌ ወጓትና ወደ እኔ ዞሩ። ድመት ብዙ ቀን ሳትበላ ከቆየች ጉበቷ ስለሚጎዳ መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም፤ መርፌው በወለቀለት ሲሪንጅ በየሦስት ሰዓቱ እቤቷ መመገብ አለባት አሉ። እንዳሳያቸው ከእትዬ ውድነሽ ጋር ላኩኝ።

የመጀመሪያው ችግር መረቁ ነበር። እትዬ ውድነሽ የጎጃም ሰው ናቸው፤ በጾም ሥጋ የነካ ድስት እቤታቸው አይገባም። ጎረቤታቸው ከድጃ ይህን ስትሰማ ሳቀች። ድመት ጾምና ፍስክ እንደማትለይ ነግራን፣ ጨውም ሽንኩርትም ሳታስገባ የዶሮ መረቅ ሠርታ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ ለብ ሲል በብርጭቆ አቀበለችን።

እትዬ ውድነሽ ድመት መግቤ አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። በሬ የጋትኩ ሰው ነኝ አልኳቸው። ዳማን በጭኔ መሀል ያዝኩ፤ አገጯን እንደ በጉ ቀና አደረግኩ፤ አሥር ሚሊውን በአንዴ ገፋሁት።

ትን አላት። መረቁ በአፍንጫዋ ወጣ፤ ምላሷ ጠቆረ። ደንግጬ ዘቅዝቄ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩ። ትንፋሿ እስኪመለስ የእኔም ትንፋሽ ቆሞ ነበር።

ቀና ስል እትዬ ውድነሽ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የእርስዎ እጅ ይሻላል ብዬ ሲሪንጁን ብዘረጋላቸው እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር ደበቁ። የተቆጡ መሰለኝ። አጥፍቼም አፌ አላረፈም፤ ታዲያ እኔ በየሦስት ሰዓቱ ልመላለስ ነው ወይ አልኳቸው።

«የመጀመሪያ ልጄን በእጄ ነው የገደልኩት» አሉኝ።

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። በአገራቸው ሕፃን የሚያድገው በመጋት ነበር። እናት ልጇን ጭኗ ላይ በጀርባው ታስተኛለች፤ የአብሽ ውኃ በመዳፏ ታንቆረቁርለታለች፤ ሊያለቅስ አፉን ሲከፍት ይገባል። እሳቸውም፣ እናታቸውም እንዲሁ አድገዋል። የእሳቸው የሦስት ወር ልጅ ግን ትን እንዳለው ቀረ። ከዚያ በኋላ የወለዷቸውን አማታቸው ጋቷቸው እንጂ፣ እሳቸው መዳፋቸውን ለልጅ አፍ አላስጠጉም።

ክሊኒክ ተመልሼ ለዶክተር ያጠፋሁትን ሳልደብቅ ተናገርኩ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ ሲሪንጅ አምጥተው ከሀ ጀምረው አሳዩኝ። ድመቷ በሆዷ ትቀመጣለች፤ ጭንቅላቷ አይቃናም፤ ጫፉ ከጎን፣ ከክራንቻዋ ጀርባ ይገባል። «ግማሽ ሚሊ ስጥና እጅህን አንሳ። ስትውጥ ጉሮሮዋን በዓይንህ ሳታይ አትድገም» አሉኝ።

ከሰዓት ሄድኩና እትዬ ውድነሽን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ እኔ ልስጥ፣ እርስዎ ጉሮሮዋን እያዩ ይንገሩኝ። ዳማን በነጠላቸው ጠቀለልናት። ሰጠሁ፤ ጠበቅኩ። «ዋጠች» አሉ በቀጭን ድምፅ። ደግሜ ሰጠሁ። «ዋጠች።» አሥሯን ሚሊ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ፈጀብን።

ሦስት ቀን ከሥራ በፊት፣ በምሳ ሰዓትና ከሥራ ስወጣ ተመላለስኩ። በመሀል ያሉት ሰዓቶች ይዘለሉ ነበር፤ ዳማም እየከሳች ሄደች። በአራተኛው ቀን አብነት አንዲት ላም ምጥ ጠንቶባት ቀኑን ሙሉ አልተነሳሁም። ዳማ ያለ እህል እንደዋለች እያሰብኩ ሮጬ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ውድነሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዳማ ጭናቸው ላይ ናት፤ ሲሪንጁ በእጃቸው ነው። ጉሮሮዋን እያዩ «ዋጠች» ይላሉ ለብቻቸው። እንዳላስደነግጣቸው ደጅ ቆሜ ጠበቅኩ፤ እንባዬም መጣ፣ አላፍርበትም።

በዘጠነኛው ቀን ዳማ መረቁን ከሳህን ላሰች። እኔና ከድጃ ተደስተን ስንጯጯህ እትዬ ውድነሽ ሲሪንጁን መዳፋቸው ላይ አጋድመው ያዩት ነበር።

«ይኸው ነበር እንዴ?» አሉኝ። «እስኪውጥ መጠበቅ ብቻ?»



ዛሬ ክሊኒኩ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ዶክተር ታደለም አርፈዋል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከእኔ ሥር የሠራ ረዳት ሁሉ ታማሚው መዋጡን አይቶ «ዋጠ» ሳይል እንዲደግም አልፈቀድኩለትም። ፊተኛው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይሰጥም።