ሶፋው ለምን ወጣ?

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ እናቷ ሞተውባት፣ የሰፈሩ ጎረምሶች ለለቀስተኛ ቦታ እንዲሆን ሶፋዋን ተሸክመው እኔ ሳሎን አስቀመጡት። ወግ ነው፤ ለምን ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የእኛው ሶፋ ትዝ ይለኛል።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ነበርን። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ቤታችንን በብድር ሠርቶ፣ ባንኩ ግድ ስላለው የእሳት መድን ገብቶለታል። ታላቅ ወንድሜ ሙሉዓለም ደግሞ ጫካ ገብቶ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሐይቁ ደፍርሶ ዳርቻው ሁሉ ጭቃ ጭቃ በሚሸትበት ሰሞን፣ ከሐሙሲት የመጣ ዘመድ ሞቱን ሹክ አለን።

ለእንዲህ ያለ ልጅ ማልቀስ ያሳስር ነበር። እናቴ፣ ድምፄን አላሰማም፣ መሬት ላይ ግን ልቀመጥለት አለች። ቤት ልንቀባ ነው ብለን አልጋውንም ሶፋውንም ጎረቤት አስቀመጥን። በሩን ዘግተን ባዶው ወለል ላይ ተቀመጥን። ንፍሮ ብንቀቅል ሽታው ያጋልጠናል ብለን ቆሎ ቆረጠምን።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ የለኮሰችለት ጧፍ መጋረጃውን ያዘው፤ ከዚያ እሳቱ ወደ አቡጀዴው ኮርኒስ ወጣ። እኛ ተረፍን፤ ቤቱ አመድ ሆነ።

የመድኑ መርማሪ ጠና ያሉ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አጠገባቸው ቆሞ ያዳምጣል። ዕቃው ለምን ቀድሞ እንደወጣ ጠየቁ። አባቴ ቤቱን ልንቀባ ነበር አለ። ቀለሙስ የታለ? ከአመዱ ውስጥ አንድ ጣሳ እንኳ አልተገኘም። ወይ እኛ፣ ውሸቱን ስናስብ ቀለም መግዛቱ ትዝ አላለንም!

«አቶ ደምሴ፣ እውነተኛውን ምክንያት ካልነገሩኝ ሆን ተብሎ የተቃጠለ ነው ብዬ ለፖሊስ ማሳወቄ ነው» አሉት።

አባቴ እናቴን አየ። ጎረቤት ወንበር ቢያቀርብላትም መሬት ላይ ኩርምት ብላለች። ነጠላዋንም ሳታስበው እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃዋለች።

«ጥያቄዬን ትቻለሁ» አለ። «ካሳ አልፈልግም።»

መርማሪው አባቴ ወደሚያይበት ዞረው አዩ። ማስታወሻቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ሊቀ መንበሩ ወደ መኪናው ሲቀድም፣ ጫማቸውን እንደሚያስሩ ጎንበስ ብለው ለእናቴ፣ «እግዜር ያጽናዎ» አሏት።

ፖሊስ አልመጣም። ካሳም የለም። ሰፈሩ ግን አባቴ እስኪሞት ድረስ ለገንዘብ ብሎ ቤቱን ያቃጠለ እያለ አማው፤ አንድም ቀን አልመለሰላቸውም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ትናንት ጎረቤቴ ቤት ገብቼ ከለቀስተኛው ጋር መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ሁሉም ድምፁን አውጥቶ ያለቅሳል፤ ዝም በሉ የሚል የለም። እኔም አልቻልሁም፣ ጮኼ አለቀስሁ።

«እማዬን ይህን ያህል ትወጃት ነበር?» አለችኝ ጎረቤቴ፣ እንባዬን በነጠላዋ እየጠረገች።

እወዳቸው ነበር። ያለቀስሁት ግን ለሙሉዓለም ነው።