በቤታቸው እግር አለ

አክስቴ ከገረሴ ወርዳ እኛ ቤት ስትገባ እኔ ገና ትምህርት ቤት አልገባሁም ነበር። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ውስጥ አስተማሪ ነበር፤ ወላጆቻቸው ሲሞቱ ደጋ ላይ ብቻዋን እንዳትቀር ይዟት መጣ። ከመኪናው ስትወርድ ረጅም ቀሚሷን በሁለት እጇ ወደ ታች ትስብ ነበር። ሌላ ሰው ቀሚሱን ጭቃ እንዳይነካው ሰብሰብ ያደርጋል፤ እሷ ግን መሬት እንዲጎተትላት ትፈልጋለች። ምክንያቱ የገባኝ ቤት ገብታ ስትቀመጥ ነው። ከጉልበቷ በታች ሁለቱም እግሮቿ አብጠዋል፤ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል። ሰው ዝሆኔ የሚለው በሽታ ነው።

እናቴ አልተጸየፈቻትም። የጓሮውን ክፍል ሰጠቻት፣ ምግቧንም ከእኛ ጋር አንድ ትሪ ላይ ነበር የምትበላው። ብቻ ከዚያን ጊዜ ወዲህ እናቴ አዲስ ልማድ አመጣች። ሲመሽ እኔንና ታላቅ እህቴን ጠርታ እግራችንን በሳፋ ታጥብና አውራ ጣቷን ቁርጭምጭሚታችን ላይ ጫን አድርጋ ትለቃለች። የተጫነው ቦታ ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። ምን እንደምትፈልግ አልነገረችንም፣ እኛም አልጠየቅናትም። ፍርሃቷ ግን በጣቷ በኩል ወደ እኛ ይገባ ነበር። እህቴ ትልቅ ልጅ ሆና እንኳን ስታጠና አንድ እጇ ሁልጊዜ እግሯ ላይ ነበር፤ ራሷም የምታውቀው አይመስለኝም።

እህቴ ኮሌጅ ስትጨርስ አብሯት በመዘምራን የሚያገለግል ልጅ ሊያገባት ፈለገ። ሽማግሌዎች አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ መጡ። አክስቴን ማንም ክፍልሽ ግቢ አላላትም፤ ራሷ ክፍሏ ገብታ ከውስጥ ዘጋች። እናቴ የበቆሎ ኩርኩፋ ሠርታ፣ የሽፈራው ቅጠል አብስላ እንግዶቹን አስተናገደች፤ ነገሩ ሁሉ በሳቅ እየሄደ ነበር። መሐል ላይ ከጓሮ ሲቃ ተሰማ። አክስቴ አልፎ አልፎ እግሯ እንደ እሳት ይግልና ንፍፊት አስይዞ ያንቀጠቅጣታል። የዚያን ቀንም ያው ተነሣባት። ድምፅ ላለማሰማት አፏ ውስጥ ጨርቅ ይዛ እንደነበር በኋላ ነው ያየነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የታመመ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። አባቴ መዋሸት አያውቅበትም። “እህቴ ናት” አለ። እንግዲያው ሳንጸልይላት አንሄድም ብለው ሁሉም ተነሡ። በሩ ተከፈተ፤ አክስቴ ብርድ ልብሱን ወደ እግሯ ለመሳብ ሞከረች፣ አልደረሰላትም። ሽማግሌዎቹ ዙሪያዋን ቆመው ጸለዩ። ከልባቸውና ረዘም አድርገው ነው የጸለዩት። ከዚያ እኛንም መርቀው፣ አባቴን አቅፈው ሄዱ።

አልተመለሱም። ከቆይታ በኋላ አንዲት የቤተክርስቲያን እናት ለእናቴ የተባለውን አደረሰቻት። “በቤታቸው እግር አለ” ነበር የተባለው። በሽታው ዘራቸው ውስጥ አለ፣ ልጃችን ከእሷ የሚወልደውንም ይይዘዋል፣ ማለት ነው። እህቴም ይህን ሰማች። መዘመር አቆመች፣ ወዲያው ሐዋሳ ሥራ አገኘች። በሄደችበት ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ አክስቴ በር ላይ ትንሽ ቆመች። አክስቴ ከበሩ ወዲያ ቆማ እንደነበር ከሥር በሚታየው ጥላዋ አወቅሁ። እህቴ ሳታንኳኳ ሄደች። ሐዋሳ ላይ አገባች፤ ለሠርጓ እኔና ወላጆቼ ብቻ ተጠራን።

እኔ እዚሁ ቀረሁ፣ እዚሁ አገባሁ። ባለቤቴ ነገሩን እያወቀ ነው ያገባኝ፤ ቢሆንም ሳረግዝ የእናቴ ፍርሃት ወረደብኝ። ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ በሄድኩ ቁጥር ልጠይቅ እልና እመለሳለሁ። በመጨረሻ አንዱን ጤና መኮንን፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ የሰሜን ልጅ፣ በሽታው ልጄን ይይዘው ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ ጠየቀኝና አክስቴን ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። አክስቴ ከግቢ አልወጣም ስትል ከሥራ በኋላ ራሱ ቤት መጣ።

ተንበርክኮ እግሯን በሳሙና አጠበ። ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ ዘፈዘፈው፣ በየጣቶቿ መሐል አደረቀ፣ ቫዝሊን ቀባ። አክስቴ ሙሉውን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር። ሲጨርስ ቀስ ብሎ ነገራት።

“እርግማን አይደለም፣ እማማ። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የደጋው ቀይ አፈር ነው፤ በባዶ እግር ለዓመታት ሲረግጡት ነው የሚጎዳው። ከልጅነትዎ ጀምሮ ጫማ ቢያደርጉ ኖሮ አይይዝዎትም ነበር።”

“ጫማ?” አለች አክስቴ።

“አዎ፣ ጫማ።”

ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። “ታዲያ የዚያች ልጅ ጋብቻ በምን ምክንያት ነው የቀረው?”

ጤና መኮንኑ ስለማን እንደምታወራ አላወቀም። ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሳፋውን አንሥቼ ውኃውን ልደፋ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ አክስቴ በየቀኑ ታጠበች፤ እብጠቱ እየቀነሰ፣ ሽታው እየጠፋ፣ ትኩሳቱም እየራቃት ሄደ። አንድ ጫማ ሰሪ እግሯን ለክቶ ሰፊ ጫማ ሠራላት፤ በእሱ ቤተክርስቲያን መሄድ ጀመረች። ደስ ይላታል ብለን ጠብቀን ነበር። እሷ ግን በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጫማውን አጠገቧ አድርጋ ለረጅም ሰዓት ታየዋለች፣ አንዳንዴም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በጋሞኛ ከማን ጋር እንደምታወራ አላውቅም። በሽታው የወሰደባትን የተቀበለችው ይመስለኛል፤ ለካ በጫማ ይቀር ነበር የሚለውን ግን መቀበል አልቻለችም።

ልጄ ስትወለድ አዋላጇ ደረቴ ላይ አስቀመጠቻት፤ እኔ ከፊቷ በፊት እግሯን ፈለግሁ። መራመድ ስትጀምር ደግሞ አክስቴ ያለ ጫማ ግቢ አታስወጣትም። እዚህ ቆላው ላይ ያለው አፈር እንደ ደጋው አይደለም ብዬ ላስረዳት ሞክሬ ነበር።

“አፈር አፈር ነው” አለችኝ።

ደም ግፊትም ነበረባት፤ አንድ ቀን ከሰዓት ግማሽ ጎኗ ከዳትና ብዙም ሳትቆይ ዐረፈች። ወደ ገረሴ እንዳንመልሳት፣ እዚያ አፈር ውስጥ እንዳናስገባት አባቴን ቀድማ አስምላው ነበር። ዘመዶች ከደጋ ወርደው አጉረመረሙ፤ አባቴ ግን ቃሉን ጠበቀ።

እህቴ ከሐዋሳ ብቻዋን መጣች። የቤተክርስቲያን ሴቶች አስከሬኑን እያጠቡ ነበር። ጉልበቷ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ፤ እርስ በርስ ተያዩ። እህቴ ጨርቁን ከአንዷ እጅ ተቀበለች። ያን ሻካራ ቆዳ በሳሙና አጠበች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፍታ አደረቀች፣ ነገ የሚራመድ እግር ይመስል። ከዚያ ነጭ ካልሲ አስመጥታ አለበሰቻት። ስትጨርስ እጇን አልታጠበችም፤ ጭኗ ላይ አድርጋው ተቀመጠች።

ባልሽስ ብዬ ጠየቅኋት። “አክስት እንደነበረችኝ አያውቅም” አለችኝ። ንገሪው ስላት፣ “ከምኑ ልጀምርለት?” አለች።

በሚቀጥለው ክረምት ልጇን ይዛ ለእረፍት መጣች። ልጅቷ ከእኔ ልጅ ጋር ስትሯሯጥ ከማንጎው ሥር ወደቀች፤ ጥቂት ቆይቶ አንድ እግሯ አበጠ። ማንም ቢያየው ወለምታ ነው። እህቴ ግን ያንን እብጠት ስታይ ልጅቷን አንሥታ መውሰድ እንኳን አቃታት። ባጃጅ ጠርቼ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ነካክቶ ወለምታ ነው አለን። እህቴ ሌላ ነገር አይደለም ወይ ብላ ጠየቀችው። አይደለም አላት። መድኃኒቱን ጽፎ እስኪጨርስ ደግማ ጠየቀችው፤ በሩ ላይ ደርሰንም ተመለሰች።

ባጃጁ ውስጥ ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ እያየች ለምን እንደምታለቅስ ጠየቀቻት።

“አክስት ነበረችኝ” አለች እህቴ።

ከዚያ ቀስ እያለች፣ ስለ ገረሴ፣ ስለ ቀዩ አፈር፣ ስለዚያ ሰፊ ጫማ ነገረቻት። ባጃጁ ቤታችን በር ላይ ቆሞ እንኳን እያወራች ነበር። ስለ ሽማግሌዎቹ ግን አልነገረቻትም፤ እኔም አልጨመርኩበትም።