አረንጓዴው ዱቄትና የጋሽ ደምሴ ክኒን

ትናንት ከሰዓት ልብስ እያጣጠፍኩ ጋሽ ደምሴ ደወሉ። ደስ ብሏቸዋል... ከድምፃቸው ያስታውቃል።

«ስማ፣ ክኒኑን ተውኩት እኮ» አሉኝ።

«የቱን ክኒን?»

«የኮሌስትሮሉን ነዋ። ያንተን አረንጓዴ ዱቄት ገዛሁ። ይኸው ሳምንት ሊሆነኝ ነው።»

ክው አልኩ። ጋሽ ደምሴ ማለት ኤርፖርት ዊልቸር አብረን ስንገፋ የኖርን፣ አሁን ጡረታ የወጡ፣ ፓራዳይዝ በምትባለው የካዚኖ ከተማ ካለችው አፓርትመንቴ ልክ ከሥር ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። አምና ልባቸውን ታመው የደም ሥራቸው ውስጥ ስቴንት የሚሉት ማስፊያ ቱቦ ገብቶላቸዋል። ያ ክኒን ለሳቸው የቀልድ ነገር አይደለም።

ነገሩን የጀመርኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ባለፈው ዶክተሬ በስልክ «ኮሌስትሮልህ በጣም ወርዷል» ስትለኝ፣ አፌ መቼ ያርፋል፣ ለሚያውቀኝ ሁሉ ስለ ስፒሩሊና ሰበክሁ። ስፒሩሊና ውሃ ላይ የሚበቅል አልጌ ነው፤ አድርቀው ፈጭተው ይሸጡታል። የረጋ ኩሬ ይሸታል። በጁስ በጥብጬ አፍንጫዬን ይዤ ነው የምጨልጠው።

ለማንም ያልነገርኩት ግን ዶክተሯ ቀጥላ ያለችኝን ነው። «አልጌው ትንሽ ያግዝ ይሆናል፤ ይህን ያህል ግን አያወርድም። ሌላ ምን ቀየርክ?»

እኔም «ሥጋ ቀንሻለሁ» ብዬ አለፍኩት።

እውነቱ ይኸውላችሁ... ከኮሮና በፊት ሰኞ ሰኞ ኦፍ ነበርኩ። አራት ጓደኛሞች ሆነን ሐበሻ ሬስቶራንት እንሰየማለን። ቁርጥ፣ ክትፎ፣ ካልበቃን ጥብስ። ካዚኖው ሁሉ ሲዘጋ አንዱ ትራክ መንዳት ጀመረ፣ ሁለቱ ዳላስ ገቡ። እኔ ቀረሁ።

ሬስቶራንቱ ሲከፈት አንድ ሰኞ ሄጄ ነበር። አስተናጋጇ «ስንት ናችሁ?» አለችኝ። «ብቻዬን ነኝ» ማለት አቃተኝ። ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ወጣሁ፣ በዚያው ቀረሁ። ቁርጥ ለብቻ እንዴት ይበላል? ከዚያ ወዲህ ምግቤ አጃ ነው። እሱንም ሳህኑን ይዤ ቤት ውስጥ እየዞርኩ ነው የምበላው፤ ተቀምጬ ፊት ለፊቴ ያለውን ባዶ ወንበር ማየት አልወድም።

ይህን ለሰው መናገር ያሳፍራል። ግን ሰውዬው ክኒን አቁመዋል... ምን ላድርግ?

«ጋሽ ደምሴ፣ ያወረደልኝ ዱቄቱ አይደለም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አብሮኝ የሚበላ ሰው አጣሁ። ሥጋ የተውኩት ለዚያ ነው። ዱቄቱን ከወደዱት ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ክኒኑን ግን እባክዎ... አሁኑኑ ይደውሉላቸው።»

የከፈቱት ዜና በስልኩም ይሰማኛል፣ በወለሉም ይሰማኛል። ይህን ያህል ነው የምንራራቀው።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «በራት ሰዓት ከላይ ኮቴ ስሰማ፣ ይሄ ልጅ እንግዳ አያጣም፣ ታድሎ እል ነበር።»

«እኔው ነኝ። እየዞርኩ ስበላ ነው።»

«የኮሮናውን ተከትበሃል አይደል?»

«አዎ።»

«እኔም ተከትቤያለሁ። ታዲያ ምን ሆነን ነው?»

ያኔ ከኤርፖርት በሽታ እንዳላመጣባቸው ብዬ እግሬን ከቤታቸው አነሳሁ፣ በዚያው ለመድነው። አንድ ደረጃ መውረድ እስኪከብደኝ ድረስ ለመድኩት።

ትንሽ ቆይተው መልሰው ደወሉ። የሐኪማቸው ቢሮ ነርስ ክፉኛ ተቆጥታቸዋለች፣ ክኒኑንም እያወሯት ውጠዋል።

«ሰኞ ውረድ» አሉኝ። «ክትፎ አሠራለሁ።»

«እርስዎ ተከልክለው የለ እንዴ?»

«እኔ መቼ እበላለሁ አልኩ? አጎርስሃለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ያጣጠፍኩት ልብስ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ... ሰኞ ኮሌስትሮሌ ከወጣም ይውጣ።