አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቀኝ ሰው

ባለፈው እሑድ ልጄ ማርታ ሬኒየር ቢች ካለው ቤታችን ወደ ዘመድ ቤት ስትነዳኝ አዲስ አልበም ከፈተች። የሲያትል አንጋፋ የሮክ ባንድ ነው፤ በእንግሊዞች የጊታር ፖፕ ተመስጠው የሠሩት ነው እየተባለ ይሞገሳል አለችኝ። ሦስተኛው ዘፈን ሲጀምር ቀንሺው ልላት ብዬ አፌ ተከፍቶ ቀረ። የጊታሩ መግቢያ የእኔ ነው። ይመሳሰላል ማለቴ አይደለም፤ የእኔ፣ እነዚህ ጣቶች ያወጡት። የምን እንግሊዝ፣ የምን ተመስጦ!

“ማም፣ አር ዩ ኦኬ?” አለችኝ። ደሜ ፈልቶ የምን ኦኬ።

በወጣትነቴ በዚሁ ባንድ ውስጥ ዳኒ ከሚባል ፈረንጅና ከሁለት ጓደኞቹ ጋር እጫወት ነበር። ያን ጊዜ የከተማው ልጆች ጊታር ማስጮህ እንጂ መጫወት የሚያውቁ አይመስሉም፤ ዳኒ ግን የሚወደው የእንግሊዞቹን ጥርት ያለ፣ ፈጠን ያለ ጊታር ነበር። የምንለማመደው ሶዶ በሚባለው የሲያትል የመጋዘኖች ሰፈር፣ ከዓሣ ማቀዝቀዣ አጠገብ ባለ መጋዘን ውስጥ ነው። ብርዱ በገባበት ወራት ሁሉ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፤ ሹራቤ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ የሚቀመጥ አልነበረም። ጊታር ያስተማረኝ ሰርግ ላይ የሚጫወት አጎቴ ስለሆነ ቀኝ እጄ ከችክችካ ሌላ አያውቅም። አንድ ቀን ዳኒ ባመጣው ቀዝቃዛ ዜማ ላይ ያንኑ የሰርግ ምት በቀጫጭኖቹ ክሮች ለቀቅኩበት። ከበሮ መቺው መምታቱን ትቶ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ምቱ የዘፈኑ መግቢያ ሆነ፤ ሰው የሚመጣውም መግቢያውን ለመስማት ነበር። እስቲ ፍረዱኝ፣ ትከሻ የሚያስመታ ነገር ከእንግሊዝ አገር ነው የመጣው?

ለንደን ሄዳችሁ አልበም ቅረጹ የሚል ጥሪ ሲመጣ፣ ደስታውን ለማክበር ቼሪ መንገድ ላይ ወደነበረው የአክስቴ የእትዬ ዘነበች ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። ዳኒ ጠገብኩ ቢል ማን ሰምቶት፤ ጥብስ ጨመረችለት። በቃኝ ሲል “በሞቴ” ብላ ምስር ደረበችበት። እየሳቀ በላ። ስለዚህ ልማዳችሁን አያውቅም ነበር የሚለኝ ሰው ካለ አልሰማውም፤ በገዛ ሆዱ አይቶታል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ትምህርት እንዳለብኝ ቢያውቅም አብሬያቸው መሄድ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ስንት ቀን እንቅልፍ ያጣሁበትን ነገር! ግን ገና ሲጠየቅ አዎ ብሎ የሚዘል ልጅ ስድ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ሰው ቤት ስንሄድ እናቴ ገና በር ላይ ታፈጥብኝ ነበር። መጀመሪያ እምቢ ይባላል፣ ሲደገምም እምቢ፣ ከዚያ አጥብቀው ሲይዙ “እሺ፣ ካላችሁ” ይባላል። መግደርደር ነው፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም ያውቁታል።

“ኧረ ይቅርብኝ፣ እናንተ ሂዱ” አልኩት በእንግሊዝኛ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ።

“ኦኬ” አለ።

ጠቅልሎ ጎረሰ። ወሬው ስለ አውሮፕላን ሆነ፣ እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ እጠብቃለሁ። ወጥተን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመንም ጠበቅኩ። ኋላ አክስቴ ምን እንዳለኝ ጠይቃ ስነግራት “ታዲያ ደግሞ ሳይለምንሽ?” ብላ ደነገጠች። እነሱ ሌላ ጊታር ተጫዋች ይዘው ሄዱ። ያ ዘፈን ግን ያኔ ሳይወጣ ቀረ፤ እኔም ቢያንስ እሱ ከእኔ ጋር ቀረ ብዬ ተጽናናሁ።

እሑድ ዘመድ ቤት ምሳ ሳይቀርብ የዳኒን ቁጥር ከድሮ ጓደኛችን ተቀብዬ ኮል አደረግኩት። ድምፁ አርጅቷል። መግቢያው የማን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ሳያፍር የአንቺ ነው አለኝ። ታዲያ ለምን የእንግሊዞች ይባላል ስለው፦

“አንቺ እኮ ነሽ አልሄድም ያልሽው” አለ።

የጮኽኩት ይሄን ጊዜ ነው። አልሄድም ያልኩት እኔ ነኝ፤ እጄን ውሰድ ብዬ ግን አልመረቅኩለትም። ስጨርስ፣ ቅዳሜ መሃል ከተማ እንደሚጫወቱ፣ ደስ ካለኝ መድረክ ላይ ወጥቼ መግቢያውን ራሴ ልጫወተው እንደምችል ነገረኝ። አሁንም የጠየቀኝ አንድ ጊዜ ነው።

“እመጣለሁ” አልኩት አፉን ሳይዘጋ። “መጀመሪያ ግን በማይኩ ስሜን ትጠራለህ። ከሐበሻ ሰርግ የመጣ ነው ትላለህ።”

እሺ አለ። ንዴቴ በረደ ብል ግን ውሸት ነው። በአንዲት “እሺ” ስንት ዓመት ይካሳል?

ምሳ ሲቀርብ ማርታን ገና አንዴ “ብዪ” ሲሏት ሳህኗን አነሳች፤ ሥጋው ይጨመርልኝ አለች። አንዷ ዘመዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ “ይቺን ልጅ ወግ አላስተማርሻትም?” አለችኝ።

አላስተማርኳትም። አውቄ ነው።