ዛንዚባር፦ ባሕሩ በአራት ሰዓት ይመጣል

ከቴፒ መነሻ

ከቴፒ የተነሣሁት ባሕር ለማየት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ስለ ማዕበልና ስለ ወደብ ሰሌዳ ሙሉ ጽፌያለሁ፤ ባሕር ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ባለቤቴ ብርቄም እንደዚሁ። ዛንዚባርን የመረጠችው እሷ ናት። ልንሄድ አራት ቀን ሲቀረን እናቷ ማሻ ከተማ ታመው ሆስፒታል ገቡ።

«ቲኬቱ አይመለስም፤ አንተ ሂድና በቪዲዮ አሳየኝ» አለችኝ።

ጎረቤቶቼ ምክር አላጡም። ጡረተኛው ጋሽ ተክሌ «ሽሮ ያዝ፤ እዚያ የጾም ምግብ የሚባል የለም» አሉ። ልጃቸው ደግሞ «የሀብታም ፈረንጅ አገር ነው፤ ሻይ እንኳ ጠጥተህ አትወጣም» አለኝ። እኔም የራሴ ምክር ነበረኝ፦ ውጭ አገር የገባ ሰው በፈረንጅ ሰዓት ማሰብ አለበት ብዬ፣ ገና ጅማ ሳልደርስ የእጅ ሰዓቴን በስድስት ሰዓት ቀየርኩት።

በቦንጋ መንገድ ጫካ ውስጥ ቡናው ቀልቶ ነበር። አውቶቡሱ ላይም አውሮፕላኑ ላይም ጎኔ ሌላ ሰው ተቀምጧል። የመስኮቱ ወንበር የብርቄ ነበር።

ጃምቢያኒ፣ ምሽት

ከዛንዚባር ከተማ በምሥራቁ ዳርቻ ወዳለችው የጃምቢያኒ መንደር በዳላዳላ ሄድኩ፤ የእኛን ሚኒባስ የመሰለ ነው፣ ዋጋውም ከቴፒ ሚዛን ከምንከፍለው እምብዛም አይበልጥም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደረስኩ። ሻንጣዬን ጥዬ ወደ ዳርቻው ሮጥኩ። ባሕሩ የለም! ዓይን እስኪደክም ነጭ አሸዋ፣ ሩቅ ደግሞ ጎንበስ ያሉ ሴቶች።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሳልማ የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። በእንግሊዝኛ «ሄዷል» አሉኝ እየሳቁ። «ነገ በአራት ሰዓት በሩ ድረስ ይመጣል።»

አራት በፈረንጅ፣ በእኛ ከሰዓት አሥር፤ እንዲህ ተረጎምኩት። ለብርቄ ደወልኩ። «ነገ አሥር ሰዓት ላይ ስልክሽን ይዘሽ ጠብቂኝ።»

በማግስቱ

ጊዜ አለኝ ብዬ ጠዋት ወደ ደሴቲቱ መሀል፣ ወደ ቅመም እርሻ ሄድኩ። ቁንዶ በርበሬው ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ፣ ከሥሩ ሄል በቅሏል። ልክ የቴፒ የቅመም እርሻ ነው! አስጎብኚው ቅጠል ቀንጥሶ «ይህን ታውቀዋለህ?» አለኝ፤ ብርቄ ብትኖር ስሙን ቀድማ ትነግረው ነበር። ምሳ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ በሩዝ አቀረቡልኝ። የጾም ነው። ሽሮዬን ሳልፈታው ቀረሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ዳርቻው ቆምኩ። ውኃው ከትናንቱም ርቋል። ስልኩ ጮኸ። ብርቄ ፀጉሯን ተሠርታለች፤ እናቷን የሆስፒታሉ አልጋ ላይ ደግፋ አስቀምጣቸዋለች።

«እማዬም ትይ ብዬ ነው። አሳየን!»

ስልኩን አዞርኩት።

«ደረቅ ነው እኮ» አለች።

«ማሳ ነው እንዴ?» አሉ እናቷ።

ስልኩን ሩቅ ወዳሉት ሴቶች መለስኩት። ብርቄ ቶሎ ብላ «ግድ የለም፤ ሴቶቹ ምን እየለቀሙ ነው?» አለችኝ። የባሕር ሣር እንደሚያለሙ ነገርኳት። እያዘነች እንደምትስቅልኝ ከድምፅዋ አወቅሁ።

ሳልማ ጉዱን ሲሰሙ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አራት አልኩህ እኮ! ፀሐይ ከወጣች አራት ሰዓት። እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው።»

«እኛም!» አልኩ። የእጅ ሰዓቴን በስድስት ሰዓት ወደ ነበረበት መለስኩት።

የመጨረሻው ጠዋት

መኪናው በሁለት ሰዓት ሊወስደኝ ቀጠሮ ነበር። ባሕሩ ገና እየመጣ ነው፤ አረንጓዴ፣ ሳይቸኩል። ሱሪዬን ሰብስቤ ሄጄ ተቀበልኩት። ጉልበቴ ድረስ ገባሁ። ውኃው ለብ ያለ ነው፤ ይህን በየትኛውም ክፍል አላስተማርኩም። ደጋግሜ ደወልኩ። የማሻ ኔትወርክ እምቢ አለ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ።

ቴፒ

ስመለስ የብርቄ እናት ድነው ቤታችን ነበሩ። ጎረቤት ተሰብስቦ ጠየቀኝ፤ ስለ ምግቡም ስለ ዋጋውም ያየሁትን ተናገርኩ። ስለ ራሴ ግን የተማርኩት ይህን ነው፦ አገሩ እንግዳ ነው ብዬ ስለ ሄድኩ፣ የገዛ አገሬን ሰዓት ሲነግሩኝ አልሰማሁም።

ሰው ሲበተን ብርቄ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጉልበትህ ድረስ ብቻ ነው የገባኸው?»

«ከዚያ ወዲያ ያላንቺ መግባት አልሆነልኝም።»

የእጅ ሰዓቴን ከክንዴ ፈታችው።

«በሚቀጥለው ጊዜ ሰዓቱን እኔ ነኝ የምጠይቃቸው» አለችኝ።