ለግዙፉ አውሬ የተቀመጥነው ለቅሶ

አባቴ ፍራንክፈርት የመጡት በሦስት ወር ቪዛ ነው፤ ለእኔ ብለው ግን እንዳይመስላችሁ። «አንቺንማ አውቅሻለሁ፤ የልጅሽን ጨዋታ ልስማ ብዬ ነው» አሉኝ ገና ከአውሮፕላን ጣቢያው ሳንወጣ። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እዚሁ ከተማ፣ ሪደርቫልድ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ሲያናግሯት በጀርመንኛ የምትመልስ። ሁሉም ይገባታል፤ ይስቁብኛል ብላ ግን ታፍራለች። ስለዚህ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። እሳቸው «ትምህርት እንዴት ነው በያት» ይላሉ፤ እሷ «ጉት» ትላለች፣ ጥሩ ነው ማለቷ ነው፤ እኔ እንዳያዝኑ ብዬ ያቺን አንድ ቃል ስለጥጣት አመሻለሁ። ሁለቱ ወር እንዲህ አለቀ። አባቴ ሻንጣቸውን ያለ ጊዜው ማሰናዳት ጀመሩ። አንጀቴን በሉት። ልጅቷን ሳያውቋት ሊሄዱ ነው ብዬ ለብቻዬ እበሳጭ ነበር።

ከዚያ ያ አውሬ መጣ።

ልጄ ሬፌራት ደረሳት፤ ክፍል ፊት ቆማ ስለ አንድ ነገር የምታስረዳበት ነው። ድመት አለ፣ ፈረስ አለ፤ የእኔዋ የመረጠችው ሪዘንፋውልቲርን ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ግዙፍ ሰነፍ አውሬ» ማለት ነው። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት አሜሪካ ምድር ላይ ይኖር የነበረ፣ ዝሆን የሚያክል ቅጠል በል። ዛሬ ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው የሚውሉት ትንንሾቹ ቀርፋፎች ዘመዶቹ ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስታችንም አጽሙን ልናይ ሙዚየም ሄድን። በኋላ እግሩ ቆሞ፣ ጅራቱን ተደግፎ፣ ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንጋጠው አዩት።

«ምን ይበላ ነበር በያት።»

«ብሌተር» አለች ልጄ።

«ቅጠል» አልኩ።

«ሥጋ ሳይቀምስ? ዕድሜ ልኩን ጾመኛ!» አሉ። «ይህን ሁሉ ገላ በቅጠል ያኖረ ፍጡር እንዴት ሰነፍ ይባላል? ሰነፉስ ስም ያወጣለት ሰውዬ ነው።»

ልጄ ሳቀች። ሳልተረጉምላት ሳቀች። እኔም ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ።

ሬፌራቱ አንድ ቀን ሲቀረው ከምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ፣ ከጠዋት ፈረቃ ስመለስ፣ በሩን ከፍቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። አባቴ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ የእኔን ነጠላ ተከናንባ አጠገባቸው አለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ጠረጴዛው ላይ ንፍሮ። የእኛ አገር ሰው ይህን ሁሉ ባንድ ላይ አይቶ ምን ሊያስብ ነው? ቦርሳዬን ጣልኩና «ማነው የሞተው? ወንድሜ ነው? ንገሩኝ!» ብዬ ጮህኩ። ፊት ለፊት ያለችው ጀርመናዊት ባልቴት ሳትቀር በሯን ከፍታ ብቅ አለች።

«ቀስ በይ እንጂ!» አሉ አባቴ። «የሞተው የእሷ ነው። አውሬው።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሬፌራቷን ለአያቷ እያነበበች ስትለማመድ መጨረሻው ላይ ደረሰች። የበረዶው ዘመን አለቀ፣ አየሩ ተለወጠ፣ ሰውም ጦሩን ይዞ መጣ፤ የትኛው ይበልጥ እንደጨረሳቸው ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ። እዚያ ላይ እንባዋ መጣ። አባቴ ጀርመንኛውን አላወቁትም፤ እንባውን ግን አወቁት። ልጅ ብቻዋን አታለቅስም ብለው ተነሡ። ከቱርኩ ሱቅ የገዛሁትን የቆርቆሮ ሽምብራ አፈሉ፣ ጨው ነሰነሱበት፣ ለቅሶ ተቀመጡላት።

እኔ መኖሬን ረስተው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚጠየቀው ይጠይቋት ጀመር።

«ታሞ ነበር ወይ?»

ልጄ ዞራ አየችኝ። ተርጉሚልኝ ማለቷ ነው። እኔ አፌን በንፍሮ ሞላሁት።

«አልታመመም» አለች ቀስ ብላ። «ሞቀ። ሰው መጣ። ብዙ ሰው።»

«ልጆችስ ነበሩት?»

«አንድ አንድ። እናትየው ቶሎ ቶሎ አትወልድም።»

«አዬ! ከዘመድስ የተረፈ የለም?»

«ትንንሾች አሉ። ዛፍ ላይ።»

«ተመስገን! እንግዲያው ቤቱ አልተዘጋም።»

«ቤቱ አልተዘጋም ምንድን ነው?» አለች፤ በአማርኛ።

«ስሙን የሚያነሣለት አለ ማለት ነው» አሏት፤ ቀጥለውም በሙሉ ክብር «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ንፍሮውን አስጠጉላት።

በማግሥቱ ሬፌራቷን ጥሩ አድርጋ አቀረበች። እኔ ግን ያን ቀን ሥራዬን አጣሁ፤ አስተርጓሚ የሚፈልግ ጠፋ። የቀረውን ወር አያትና የልጅ ልጅ ሲያወሩ ይውላሉ፣ ስገባ ዝም ይላሉ። እያሙኝ እንደነበር አላጣሁትም። ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም።

አባቴ ያረፉት ከዚያ ከዓመታት በኋላ ነው፣ አዲስ አበባ፤ ልጄ ያኔ ኮረዳ ሆናለች። መርዶውን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ማለዳ መጥተው አረዱኝ። እሷ ከክፍሏ ጋር ጉዞ ላይ ነበረች፤ በስልክ ነግረዋት ስትመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ቆያት። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እንባ አልወጣኝም። ሴቶቹ «ልጂቱን በጀርመንኛ አጽናኗት» እያሉ ያንሾካሹካሉ።

እሷ ቀጥ ብላ ጓዳ ገባች። ነጠላዬን አውጥታ ዘቅዝቃ ለበሰች። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና እጄን ያዘች።

«ታመው ነበር ወይ?» አለችኝ። ታውቃለች እኮ፤ በየሳምንቱ በስልክ ታወራቸው ነበር።

«ትንሽ» አልኳት።

«ከዘመድስ የተረፈ የለም?»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። «ትንንሾች አሉ» አልኳት።

«እንግዲያው ቤቱ አልተዘጋም» አለችና ንፍሮውን አስጠጋችልኝ።