ዓሣ ጭኖ ሰላምታ

ከመዘዞ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ በቅሎ ነጂውን ወልደኪዳንን የማያውቅ የለም። የሚታወቀውም በበቅሎው ሳይሆን በሰላምታው ነው። ያገኘውን ሁሉ ቆሞ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ገብሱ፣ አልፎ ተርፎም ስለ ጎረቤቱ ጉልበት ሕመም ይጠይቃል።

አምና ጣጣ ያመጣበት ይኸው ነው። የዓሣ ባለሙያዋ ሰላማዊት ዓሣ ኖሮበት ወደማያውቀው የተራራ ሐይቅ እንዲያደርስላት የትራውት ጫጩቶች ሰጠችው፤ ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። መኪና መዘዞ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ የአራት ሰዓት የበቅሎ መንገድ ነው። ወልደኪዳን በየደጁ ቆሞ ሰላም ሲል ሲል አንድም ዓሣ በሕይወት አልደረሰም።

ዘንድሮ ሰላማዊት ሌሎች ጫጩቶች የያዙ ጀሪካኖች ስታስጭነው፣ "በቅሎዋ ስትራመድ ውሃው ይናጣል፤ ሲናጥ አየር ያገኛሉ። ከቆመች ይታፈናሉ" አለችው። "እነዚህም ከሞቱ ሌላ አይሰጡንም። ጋሼ፣ እባክዎ ማንንም ሰላም እንዳይሉ!"

"ማንንም?"

"ማንንም!"

እሷ ቀድማ ወጣች። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ ሰው ሲያይ እጁን ብቻ እያወዛወዘ ተከተለ።

"ወልደኪዳን ሹመት አገኘ እንዴ?" አለ አንዱ ከአጥር ማዶ።

ላብ እስኪያጠምቀው አፈረ፤ ግን አልቆመም።

ግማሽ መንገድ ላይ አማቱ ወይዘሮ አማረች ብቅ አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ታመው ተኝተው ነበር፤ እሱም ሄዶ አልጠየቃቸውም። አማትን እንዲሁ ማለፍ ማታ ከሚስት ጋር መጣላት ነው። መቆም ደግሞ ዓሦቹን መጨረስ። ጨነቀው። በቅሎዋን እየሳበ አማቱን ይዞር ጀመር።

"እንዴት ሰነበቱ እማማ?" ብሎ እጅ ነሳ፤ ዞረ። "ተሻለዎት?" እጅ ነሳ፤ ደግሞ ዞረ።

"ልጄ፣ ምን ነካህ? የታመምኩት እኮ እኔ ነኝ!"

"ዓሣ ጭኜ ነው እማማ! ከቆምኩ ያልቁብኛል!"

"ታዲያ እኔን አዙረህ ልትጥለኝ ነው? በል ሂድ ወደፊት!" ብለው ገመዱን ቀምተውት ቀደሙ። የሕመማቸውን ነገር ከራስ ምታቱ ጀምረው እየተራመዱ ተረኩለት። ሐይቁ ሲታይ ገና ሆዳቸው ጋ ነበሩ።

ሰላማዊት የመጀመሪያውን ጀሪካን ቀስ ብላ ሐይቁ ውስጥ አዘነበለችው። ጫጩቶቹ ዳር ላይ እንደ ገለባ ተንሳፍፈው ቀሩ። ወልደኪዳን ፊቱን አዞረ።

"ኧረ ይዩ ጋሼ!"

አንዷ ጭራዋን አወዛወዘች፤ ሁለተኛዋ ተከተለች። ከዚያ ሁሉም እልም።

ወይዘሮ አማረች ተደስተው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና መልሰው ከነጠላቸው ሥር ወሸቁት።

"ውይ! እዚህ ውርጭ ውስጥ ሊያድሩ? አንተ ወልደኪዳን፣ እነዚህ ፍጥረቶች ምን አድርገውህ ነው?"